በኮምፒውተር ውስጥ የተሸጠው ሽንሽን ቀሚስ

በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ልጄ ሥራ ማግኘቷን ነገረችኝ። ጭሮ ገበያው አጠገብ ባለችው በረንዳዬ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው መጀመሪያ አልሰማኋትም። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

«ምን አልሽ?»

«ሥራ አገኘሁ አልኩሽ፣ እማዬ። ሱቅ ውስጥ።»

«የማን ሱቅ?»

«እዚህ አይደለም።» ሳቀች። «በደሳም አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ነው።»

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ከቴክኒክና ሙያ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዛ ከወጣች ዓመት ሊሞላት ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳውን ያላነበበችው መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ መሰላና አሰቦት ድረስ ሄዳ ተመዝግባለች። አባቷ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖናል፣ ቤታችን ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ስለ ሥራዋ እጸልይ ነበር። ስጸልይ ግን በሐሳቤ የሚመጣው ጠረጴዛ፣ ማኅተምና የወር ደመወዝ ነበር። ጌታ ከዚያ የሰፋ መንገድ እንዳለው አላሰብኩም።

ነገሩን እየሳቀች አስረዳችኝ። በኮምፒውተር ውስጥ ሰዎች የሚገናኙበት አንድ ዓለም አለ። ከተማና ባሕር አለው፣ ቤት ይሠራበታል። የሚመላለሱት ሰዎች ምስሎች ናቸው፤ እያንዳንዱን ምስል ግን የሆነ አገር የተቀመጠ እውነተኛ ሰው ያንቀሳቅሰዋል። እዚያ መሬት ይሸጣል፣ ወንበር ይሸጣል፣ ጫማ ይሸጣል። የራሱ ሳንቲም አለው፤ ያ ሳንቲም ሲጠራቀም በዶላር ይመነዘራል። ልጄ በዚያ ዓለም አንድ ሱቅ በር ላይ ቆማ የሚገባውን ሁሉ «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች።

«ቀኑን ሙሉ ቆመሽ?»

«የሚቆመው ምስሌ ነው። እኔማ ተቀምጫለሁ።»

«ይከፍሉሻል?»

«ትንሽ። ግን እማዬ፣ እኔም የራሴን ልብስ ሠርቼ ሰቅያለሁ። ቀሚስ። ሥራውን ከማግኘቴ በፊት ነው የሰቀልኩት፣ ሁለት ወር ሆነው፤ አይተውት ይሄዳሉ።»

ቀሚስ ስትል ጆሮዬ ቆመ። «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ወጣን። ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ ነው። ባለቤቷ በእኔ ዕድሜ ያለች ሙስሊም ሴት ናት፤ መሥሪያ ቤቶች ሳይከፈቱ መስመሩ ፈጣን ስለሆነ ለልጄ ብላ በማለዳ ትከፍት ነበር። በሩ ላይ ስታየኝ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ማሻአላህ! አንቺም ፌስቡክ ልትከፍቺ መጣሽ?»

«ቀሚስ ለማየት ነው።»

«ቀሚስ ከሆነማ እኔም አያለሁ» ብላ ወንበር ስባ መሃላችን ገባች።

ልጄ ከፈተችው። ቀስ እያለ መጣ፤ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ መሬቱ፣ ከዚያ አንዲት ረጅም፣ ወገበ ቀጭን ሴት።

«ይቺ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው፣ እዚያ ምግብ የለም?»

ባለቤቷ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። እኔ ግን ዓይኔ ቀሚሱ ላይ ነበር። ከወገቡ ሽንሽን ነው፣ ደረቱ ላይና ታች ጫፉ ላይ ቀይ መስመር ዞሮታል። አወቅኩት። የመሰላ ሴቶች ለበዓል የሚያሰፉኝ ነው፤ ልጄ በረንዳዬ ላይ ቁልፍ እየተከለች ስታየው ያደገችው። ከፊት ሲያዩት ያምራል።

«እስቲ አዙሪያት» አልኳት።

ምስሏ ዞረች። ጎኗ ሲታይ፣ ብብቷ ሥር ከፊት የመጣው ቀይ መስመር ከኋላ ከመጣው መስመር በአውራ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቀረ።

«ይሄ አልገጠመም» አልኩ።

«እማዬ፣ እዚህ እኮ ስፌት የለም። ሥዕል ነው፤ ገላው ላይ ይጠመጠማል።»

«ሥዕሉን በአንድ ነው የሣልሽው?»

«በሁለት። የፊቱን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ።»

«እንግዲያው ስፌት አለው።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ እዚያ የኮምፒውተሩ መስታወት ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ። ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም፤ ያንን ስሕተት ግን ዓይኔን ጨፍኜም አርመዋለሁ።

ቤት ስንገባ ምሳ እንኳ አልቀረበም። አሮጌ ጋዜጣ አንሥቼ ልጄን መሃል ክፍሉ አቆምኳትና ደረቷ ላይ ጠመጠምኩባት፤ ጎንና ጎኗን በመርፌ ያዝኩት።

«ከየት ነበር መሣል የጀመርሽው?»

«ከደረቱ።»

«ሁሉም ጀማሪ ከደረት ነው የሚጀምረው፣ የሚታየው እሱ ስለሆነ። አንቺ ከጎን ጀምሪ። ሁለቱ ጎኖች መጀመሪያ ይገናኙ፤ መሃሉ ራሱ ይመጣል።»

በሳሙና ስባሪ መስመር ለማስመር ሞከርኩ፤ ጋዜጣው አልይዝ አለኝ፣ በከሰል አሰመርኩት። ከአንዱ ብብቷ ተነሥቼ፣ በደረቷ አልፌ፣ በጀርባዋ ዞሬ ተመለስኩ። ቀጥ ያለ ቀበቶ ይመስል ነበር። ከዚያ መርፌዎቹን ነቅዬ ጋዜጣውን መሬት ላይ ዘረጋሁት።

ልጄ ጮኸች። «ጎበጠ! መስመሩ ጎበጠ!»

«አዎ። ገላ ላይ ቀጥ እንዲል ወረቀቱ ላይ ጎብጦ ይሣላል።»

ጋዜጣውን ይዛ ኢንተርኔት ወደሌለው አሮጌ ኮምፒውተሯ ሮጠች። ዘጠኝ ቀን ሠራችው። እኔ በረንዳ ላይ እሰፋለሁ፣ እሷ እየተመላለሰች ትጠይቀኛለች። ሽንሽኑ ጠፍጣፋ መሰለባት፤ ቁራጭ ጨርቅ ሸንሽኜ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩላትና «ብርሃኑ የት ላይ ያርፋል? ጨለማው የት ይገባል?» አልኳት። እያየች ሣለች። ቀሚሱ ሲያልቅ ታች ጫፉ በእውነት የሚወዛወዝ መሰለኝ። ስንት ጊዜ «ጌታ ሆይ ተመስገን» እንዳልኩ አላውቅም። ገና አንድም አልተሸጠም፤ እኔ ግን ጠዋት የምነሣው እንደ ልጅ እየቸኮልኩ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በፍላሽ ወስዳ ሰቀለችው። አርብ ከረፋዱ አንዲት የመሰላ ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ እየለካችው ነበር። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት በዝናቡ ውስጥ ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ ስትሮጥ አየሁ።

«ተሸጠ! ዋላሂ ተሸጠ! ልጅሽ እያለቀሰች ነው፣ ቶሎ ነዪ!»

የስፌት መኪናዬን ሳልሸፍን ተነሣሁ። የመሰላዋ ሴት የለበሰችውን ሳታወልቅ ተከተለችን። ስንደርስ ሦስት ተሽጦ ነበር። አጠገቧ ቆመን ሳለ ኮምፒውተሩ እንደ ሳንቲም ቅጭል አለ።

«አራት!» አለች ልጄ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች። «አራተኛዋ ብራዚል ናት።»

ደንበኛዬ ወደ መስታወቱ አጎነበሰች። ቀሚሱን አየች፣ የራሷን ቀሚስ ቁልቁል አየች፣ እንደገና መስታወቱን አየች።

«ኡፈታ ኮ!» ብላ ጮኸች። «ልብሴ እኮ ነው! አንቺ ሴትዮ፣ ልብሴን ገና ሳልከፍልሽ ለፈረንጅ ሸጥሽብኝ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡት ሁሉ ተሰብስበው ያዩ ጀመር። ባለቤቷ እያንዳንዱን ገዢ ጮክ ብላ ትጠራ ነበር፤ «ጃፓን! ቱርክ! ኧረ ወንድ እንኳ ገዛ!»

እስከ እሑድ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ስሕተቴን የሠራሁትም ያን እሑድ ነው።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። በቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ እህቶች ተራ በተራ ይነሣሉ፤ እኔ በዓመታት ውስጥ ተነሥቼ አላውቅም። ለጌታ የምነግረውን በልቤ እነግረዋለሁ። ያን ዕለት ግን ደስታው ጉልበቴን አነሣው። ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

«እግዚአብሔር ለልጄ ሥራ ሰጣት» አልኩ። «በኢንተርኔት ውስጥ ባለ ዓለም ልብስ ትሠራለች፣ እየተሸጠላት ነው። የመጀመሪያውን ገንዘብ፣ በኩራቱን፣ ሳንነካው ከዘመን መለወጫ በፊት ለሰንበት ትምህርት ልጆች ክፍል መስኮት ማሠሪያ እናመጣለን።»

በእኛ ዘንድ ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይነካ ለቤተ ክርስቲያን ያመጣል። ሰውን ያስገረመው እሱ ሳይሆን ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ነበር። «አሜን» ያለ ነበር፤ ብዙው ግን እርስ በርሱ ተያየ።

ግቢ ስንወጣ ሴቶቹ ከበቡን።

«እህቴ፣ እነዚያ ሰዎች እስከ ዛሬ ራቁታቸውን ነበሩ?»

«ሲቆሽሽ ማን ያጥበዋል?»

«ለእኔም አንድ ስፊልኝ፤ ብቻ እንዲታይ አድርጊልኝ!»

አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ የሴቶች ኅብረት መሪያችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጌታ ይባርክሽ፤ ግን የሌለ ልብስ ሸጦ የመጣ ብር በኩራት ይሆናል ወይ?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ልጄ ግን ሰማች።

እቤት እስክንደርስ አሥር እርምጃ ቀድማኝ ሄደች። በሩን ስዘጋ ዞረችብኝ።

«እማዬ፣ ማን ንገሪ አለሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነው።»

«ብሩ እኮ የለም! ሳንቲሙ ያለው እዚያ ነው። በዶላር ቢመነዘርም ወደ ኢትዮጵያ አይልኩም፤ ውጭ አገር ሒሳብ ያለው ሰው ያስፈልጋል። እኔ መንገዱን እየፈለግሁ ነበር። ባይመጣስ? አንቺ ዋሾ ትባያለሽ፣ እኔ አታላይ።»

የእሷን ነገር፣ ገና እጇ ያልገባውን፣ ወስጄ በጉባኤ ፊት ተናግሬዋለሁ። በኩራቱንም የተሳልኩት እኔ ነኝ፤ እሷን አልጠየቅኋትም።

በሚቀጥለው እሑድ «አንቺ ሂጂ» አለችኝ። በጀርባዬ አዝዬ ከወሰድኳት ጊዜ ጀምሮ ቀርታ አታውቅም። ብቻዬን ሄድኩ። ሴቶቹ «መስኮቱስ?» እያሉ በፈገግታ ይጠይቁኛል። ከዚያ በኋላ የፈራሁት ለብሩ አልነበረም። ብሩ ከቀረ ልጄም ከጌታ ቤት እንዳትቀር ነበር የፈራሁት።

ናይሮቢ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ፤ አስተማሪ ናት። ደወልኩላት።

«ምን ሸጠች አልሽኝ? የአሻንጉሊት ልብስ?»

«ሥራ ነው። ሒሳብ ክፈቺላት።»

«አንቺ እኮ ስልክ ላይ ከሁለት ቃል በላይ ተናግረሽ አታውቂም! ነገሩ እውነት መሆን አለበት» ብላ ሳቀች። በዚያው ቀን ከፈተችላት። ማረጋገጫው ጥቂት ቀን ይፈጃል ተባለ። እሱ ሊደርስ ሲል ዝናቡ በረታና የኢንተርኔቱ መስመር ተቋረጠ። ስምንት ቀን። ልጄ በየጠዋቱ ወጥታ ትመለሳለች። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ከደጅ «አልመጣም፣ ኢንሻአላህ ነገ» ትላታለች።

በስድስተኛው ቀን አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሊጠይቁን መጡ። ሥራቸው የሱቅና የምግብ ቤት ሰሌዳ መቀባት ነው፤ ጥፍራቸው ሁልጊዜ ቀለም አለው። ልጄ ጥግ ላይ ተቀምጣ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። ቀና አላለችም።

«ጠፋሽብን» አሏት።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔም ለሥራው ነው የመጣሁት። አሳዪኝ።»

«መስመር የለም።»

«ሥዕሉስ?»

ተነሣችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ ጊዜ አዩት። ጣታቸው መስታወቱን ሳይነካ ሽንሽኑን ተከተለ።

«ብርሃኑ ከግራ ነው የመጣው፣ አይደል?»

«አዎ» አለች። ፊቷ ፈካ።

«ይሄኛው እጥፋት ላይ ጥላውን ረስተሻል።»

«የቱ? ... ኧረ እውነትዎን ነው!»

«ጋሼ» አልኩ እኔ፣ ሊሄዱ ሲነሡ፣ «የሌለ ልብስ ገንዘብ ነው ይላሉ።»

«በጭሮ ስንት ምግብ ቤት ላይ ዶሮ ሥያለሁ» አሉ። «አንዷም ተበልታ አታውቅም። ልጆቼ ግን በእነሱ አደጉ።»

ልጄ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ደጅ ስሸኛቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «ነገሩ ንጹሕ ነው» አሉኝ። «ምስክርነቱ ግን የእሷ ነበር።»

ገባሁና ልጄን «ይቅር በዪኝ። ያንቺን ተናገርኩብሽ» አልኳት። ቁልፉን አስቀመጠች። መጥታ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

መስመሩ ተመለሰ። ቀሚሱ በዚያ ስምንት ቀን ማንም ሳይጠብቀው ሲሸጥ ሰንብቷል። ልጄ የእጥፋቱን ጥላ አስተካክላ እንደገና ሰቀለችው። ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው እህቴ መልእክት ላከች፤ «ደርሶኛል፣ ልኬላችኋለሁ» የሚልና ከሥሩ ረጅም የገንዘብ መቀበያ ቁጥር።

ጳጉሜን አንድ ቅዳሜ ነበር። ባንኩ ለበዓል ገንዘብ በሚቀበል ሰው ተሞልቷል። ሁለት ሰዓት ያህል ተሰልፈን ቆምን። ልጄ ቁጥሩን የጻፈችበትን ወረቀት እስኪረጥብ ጨብጣዋለች። ተራችን ሲደርስ የባንኩ ጸሐፊ ቁጥሩን አስገብቶ ጠበቀ። እኔ በልቤ ጸለይኩ። እንደገና አስገባ።

«ከኬንያ ነው?»

«አዎ!» አልን በአንድ አፍ።

«ገንዘቡ የምንድን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁትና ልጄን አየኋት።

«የልብስ ሽያጭ ነው» አለች፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ።

ጸሐፊው መታወቂያዋን አይቶ አስፈረማት። ብሩ በመስኮቱ ወጣ። በዩኒፎርም ወቅት በወር ከማገኘው ይበልጥ ነበር። እንደ ማንኛውም ብር ያረጀ ብር ነው፤ የአንዱ ጫፍ በፕላስተር ተለጥፏል። ያችን ፕላስተር ሳይ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ብር ገበያ ውስጥ ስንት እጅ ነክቶታል፤ አሁን ደግሞ የልጄ ሥራ ሆኖ መጣ።

በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ወጣን። ባለቤቷ ገና ፊታችንን አይታ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰዎች ወጥተው «ሙሽራዋ የታለች?» አሉ። ልጄ ለእሷ ከሚቀጥለው ሽያጭ ስጦታ እንደምትገዛላት ማለች፤ «ይቺ የመጀመሪያዋ ግን የእኔ አይደለችም» አለቻት።

እኔ ስለ በኩራቱ አንድ ቃል አላነሣሁባትም ነበር። ወደ ቤት ስንወርድ ሱቅ ገብታ ፖስታ ገዛች። ብሩን ከነባለ ፕላስተሩ ከታ ምላሷን አስነክታ አሸገችው።

በማግስቱ ጠዋት ተነሣሁ፣ ጸለይኩ፣ ነጭ ልብሴን ተኮስኩ። እሷ ቀድማኝ ለብሳ በር ላይ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። አብረን ወጣን። በተለመደው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሽማግሌው ተነሥተው «ምስክርነት ያለው አለ?» ሲሉ የሴቶች ኅብረት መሪያችን ዞራ አየችኝ። ጉልበቴ ሊነሣ ፈለገ። እግሬን ወለሉ ላይ አጥብቄ አቆምኩት።

ልጄ ቦርሳዋንና ጃንጥላዋን እቅፌ ውስጥ አኖረችና ፖስታዋን ይዛ ቆመች።

«በመጀመሪያ» አለች፣ «ራቁታቸውን አልነበሩም።»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ፤ መሪያችንም አፏን ይዛ ሳቀች። ልጄ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና ቀጠለች። እኔ ቦርሳዋንና ጃንጥላዋን ይዤ፣ ቃል ሳልተነፍስ፣ እስክትጨርስ ሰማኋት።